«ፒክ አፕ» ሁሉ «አነሳ» አይደለም

ጥያቄውን ላላያችሁ፦ ያነሳችው ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራ እህታችን ናት። እንግዳው «ካን ዩ ፒክ አስ አፕ አት ዚ ኤርፖርት?» ብሎ ጻፈላት፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ መጥታችሁ ትወስዱናላችሁ ወይ ማለቱ ነው። «የስ፣ ዊ ዊል ፒክ አፕ ዩ አት ቱ» ብላ መለሰች፤ አዎ፣ በሁለት ሰዓት እንወስዳችኋለን ለማለት። ባልደረባዋ አይቶ «ተሳስተሻል» አላት፤ ምኑ ላይ እንደሆነ ግን አልነገራትም። «ፒክ አፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ ፈልጋ መዝገበ ቃላት ብትገልጥ «አነሳ» ይላል፤ ስልኳ ላይ ብትፈልግ ደግሞ የትርጉም መዓት ተዘረገፈላት። «አንዱን ስይዝ ሌላው ይጠፋኛል፤ የትኛውን ልያዝ?» ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ ባልደረባሽ ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ሳያይ አልቀረም። መልስሽ ውስጥ ሁለት ስህተት አለ። አንዱ የሰዋስው ነው፤ እንግዳው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። ሁለተኛው የሰዓት ነው፤ እሱ ነው ጉድ የሚያፈላው።

ከሰዋስዉ ልጀምር። «ፒክ አፕ» ሁለት ቃል ሆኖ እንደ አንድ ግሥ የሚሠራ፣ መሃሉ ግን የሚከፈት ነው። የሚነሳው ነገር በስሙ ከተጠራ መሃልም መጨረሻም ይገባል፤ «ፒክ አፕ ዘ ባግ» ብትዪም «ፒክ ዘ ባግ አፕ» ብትዪም ያው ነው። ተውላጠ ስም ሲሆን ግን፣ ማለትም ሚ፣ ዩ፣ ሂም፣ ኸር፣ ኢት፣ አስ፣ ዜም ሲሆን፣ ቦታው መሃል ብቻ ነው። «ፒክ ዩ አፕ»፣ «ፒክ ኢት አፕ»። «ፒክ አፕ ዩ» ያልሽው እዚህ ላይ ነው የወደቀው።

ለምን? እንግሊዝኛ አዲሱንና ከባዱን ነገር ወደ ዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ይገፋል። «ዩ» እና «ኢት» ደግሞ ቀላልና የታወቁ ናቸው፤ ጫፉን መሸከም አይችሉም፤ ድምፁን የሚሸከመው «አፕ» ነው። ይህ እንግዳ ነገር አይምሰልሽ፤ አማርኛም ያደርገዋል። «እንግዶቹን እንወስዳለን» ስትዪ ስሙ ከግሡ ውጭ ነው። «እንወስዳችኋለን» ስትዪ ግን ፈትተሽ እዪው፦ እንወስድ፣ አችሁ፣ አለን። ተውላጠ ስሙ ግሡ ሆድ ውስጥ ገብቷል። «ፒክ» ን «እንወስድ»፣ «አፕ» ን «አለን» አድርጊያቸውና «ዩ» ን በመሃል አስገቢ። ይህንን አንዴ ያየ ሰው «ፒክ አፕ ዩ» ለማለት ምላሱ እሽ አይለውም።

ስሙ ሲረዝም ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። «ከላሊበላ ትናንት የመጡትን ሁለቱን ጀርመኖች» ብለሽ ያንን ሁሉ በ«ፒክ» ና በ«አፕ» መካከል ብትጎዘጉዢው ሰሚው «አፕ» እስኪመጣ ትንፋሹ ያልቃል። ረጅሙን ከ«አፕ» ኋላ አድርጊው።

የግሡ እርባታ ሁልጊዜ «ፒክ» ላይ ነው የሚለጠፈው። ያለፈው ጊዜ «ፒክድ አፕ»፣ እየተደረገ ያለው «ፒኪንግ አፕ»። «ፒካፕድ» እና «ፒክ አፒንግ» የሚሉ ጽሑፎች በየመልእክቱ ይታያሉ፤ የሚመጡት ቃሉን እንደ አንድ ከመስማት ነው። ሲጻፍ ግሥ ከሆነ ለየብቻ ሁለት ቃል ነው፤ በመሃል ሰረዝ የለም። ስም ከሆነ፣ «ኤርፖርት ፒክ-አፕ» እንደሚባለው፣ በሰረዝ ወይም በአንድነት ይጻፋል። የሆቴላችሁ ማስታወቂያ ላይ ያለው ስሙ ነው፤ አንቺ ለእንግዳው የምትጽፊው ግሡ ነው።

አነጋገሩን በተመለከተ አንድ ዕድል አለን፤ ፒካፕ መኪናን ሁላችንም እናውቃለን። «ፒክ» ብለሽ ቆመሽ «አፕ» አትዪም፤ ክው ወደ አው ተሻግሮ «ፒ-ካፕ» ይሆናል፤ ልክ መኪናውን እንደምንጠራው። ልዩነቱ ጫናው ነው። መኪናው ወይም ስሙ ሲሆን ድምፁ «ፒ» ላይ ይበረታል። ግሥ ሲሆን «ካፕ» ላይ። «ፒክድ አፕ» ላይ ያለውን ድ ደግሞ ድ ብለሽ አትጥሪው፤ ት ነው፦ «ፒክ-ታፕ»።

አሁን ወደ ሰዓቱ። በረራው ጠዋት 2 ሰዓት ይገባል ብለሽ «አት ቱ» ካልሽ፣ እንግዳው የሚያርፍበትን ያንኑ ሰዓት በእሱ አቆጣጠር የሚያውቀው «ኤይት ኤ ኤም» ብሎ ነው። አንቺ «ቱ» ስትዪው መኪናው እሱ ካረፈ ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚመጣ ይመስለዋል፤ ወይ ሌላ ታክሲ ይይዛል፤ ወይ በድንጋጤ ሲደውልልሽ ያረፍዳል። የእኛን ሰዓት ላይ ስድስት ደምሪ፤ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሺ። ጠዋት 2 ሰዓት ኤይት ኤ ኤም፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ስሪ ፒ ኤም፣ ሌሊት 11 ሰዓት ፋይቭ ኤ ኤም። «ፒክ ዩ አፕ» ከሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ኤ ኤም ወይም ፒ ኤም ሳይቀር ይጻፍ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ከሆነ ቀኑም ይጻፍ፤ በእነሱ አቆጣጠር ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚቀየረው፣ በእኛ ግን ሲነጋ ነው፤ እንግዳን በአንድ ቀን የሚያሳስተው ይህ ነው።

እግረ መንገዴን፣ እንግዳን «እንቀበላለን» ስለምንል ብዙ ሰው «ዊ ዊል ሪሲቭ ዩ ፍሮም ኤርፖርት» ይላል። ሪሲቭ ለዕቃ፣ ለደብዳቤ፣ ወይም ባለሥልጣን እንግዳ በክብር ሲቀበል ነው የሚስማማው። መኪና ልኮ ማስመጣት «ፒክ አፕ» ነው። «አት ዚ ኤርፖርት» ም «ፍሮም ዚ ኤርፖርት» ም ልክ ናቸው። ሲሄድ የምታደርሱት ደግሞ «ድሮፕ ኦፍ» ነው፤ እሱም መሃሉ ይከፈታል፦ «ዊ ዊል ድሮፕ ዩ ኦፍ»።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመጣ፣ ከነዚያ ሁሉ ትርጉሞች የትኛውን ልያዝ ላልሽው፣ የትኛውንም አትያዢ። ዝርዝሩን መሸምደድ ጊዜ ማጥፋት ነው። የምትይዢው የኋላውን ስም ነው። ከ«ፒክ አፕ» ጋር የመጣው ስም ስልክ ነው? ሰው ነው? ጉንፋን ነው? ቋንቋ ነው? ፍጥነት ነው? ስሙ ራሱ ትርጉሙን ይነግርሻል። ከሁሉም ሥር ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ አንድ ነገር ካለበት ቦታ ላይ ተገኝቶ ከአንቺ ጋር አብሮ ይሄዳል። ቦርሳው አብሮሽ ይሄዳል፤ እንግዳው አብሮሽ ይሄዳል፤ ጉንፋኑም ሳትጠሪው አብሮሽ ይሄዳል።

ጉንፋኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ አማርኛችን የሚያሰናክለን እዚህ ላይ ስለሆነ። እኛ «ጉንፋን ያዘኝ» እንላለን፤ አድራጊው በሽታው ነው፤ ሰውየው ተደራጊ። እንግሊዝኛ ይገለብጠዋል፤ ሰውየው ነው በሽታውን የሚያነሳው። «አይ ፒክድ አፕ ኤ ኮልድ»። «ኤ ኮልድ ፒክድ ሚ አፕ» ብትዪ ጉንፋን በመኪና መጥቶ ከመናኸሪያ ወሰደኝ እንደማለት ነው። ቃሉ ውስጥ «ሳላስበው፣ የሆነ ቦታ» የሚል ስሜት አለ፤ ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ቦታው የሚከተለው፦ «ሂ ፒክድ አፕ ኤ ስቶማክ በግ ኦን ዘ ትሪፕ»፣ በመንገድ ላይ ሆዱን የሚያመው ነገር ይዞት መጣ። የሚጋባ ወይም ከውጭ የሚገባ ነገር መሆን አለበት። ስኳር፣ ደም ብዛት፣ ራስ ምታት አይሆኑም፤ እነሱ ከየትም አይለቀሙም። እንግዳሽ ራሴን አመመኝ ሲልሽ «ሃቭ» ነው የሚጠቀመው፦ «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ»።

ከቋንቋ ጋር ሲመጣ ደግሞ የእኛ «ቀሰመ» ይጠጋዋል፤ ንብ ከአበባ አበባ እየዞረች እንደምትቀስመው። ግን «ቀሰመ» ን ለትምህርት ቤት ዕውቀትም እንጠቀምበታለን፤ «ፒክ አፕ» እዚያ አይደርስም። አስተማሪ ሳይኖር፣ ደብተር ሳይገለጥ፣ ከሰው አፍ በጆሮ የተለቀመ ነው። እንጅባራ ሄዳ ገበያ ላይ ጎመን ስትሸጥ ሁለት ዓመት የቆየች አማርኛ ተናጋሪ የአካባቢውን ቋንቋ አውንጊን ብትናገር «ሺ ፒክድ አፕ አውንጊ» ይባልላታል። ዲማ ጊዮርጊስ ወርዶ ቅኔ ለመማር ዓመታት ለተቀመጠ ተማሪ ግን «ፒክድ አፕ ቅኔ» ማለት ድካሙን መናቅ ነው፤ ለእሱ «ስተዲ» ወይም «ማስተር» ነው። እንግዳ «ዌር ዲድ ዩ ፒክ አፕ ዩር ኢንግሊሽ?» ብሎ ሲጠይቅሽ ከየት ለቀምሽው ማለቱ ነው፤ ምስጋናም አለበት። መልሱን እንዲህ ለይተሽ ስጪው፦ «አይ ለርንድ ኢት አት ስኩል፣ በት አይ ፒክድ አፕ ኤ ሎት ፍሮም ጌስትስ»። ትምህርት ቤት የተማርሽው ለርን፣ ከእንግዶች የሰማሽው ፒክ አፕ።

ፍጥነት ሲሆን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና አስቢ፤ ሹፌሩ ነዳጅ ሳይሰጠው እየፈጠነ ይሄዳል። «ዘ ትራክ ፒክድ አፕ ስፒድ»። ይህ የተጣበቀ አባባል ነው፤ መሃሉን ከፍቶ «ፒክድ ስፒድ አፕ» ማለት አልተለመደም። እዚያው በረሃው ውስጥ ስልክሽ ኔትወርክ ካልያዘ «ማይ ፎን ካንት ፒክ አፕ ኤ ሲግናል» ይባላል፤ ሬዲዮም ጣቢያ ሲይዝ እንዲሁ።

ኋላው ምንም ሳይኖረው ብቻውን ሲመጣ ደግሞ ተሻሻለ፣ በረታ፣ ተነቃቃ ማለት ነው። በክረምት የቀዘቀዘ የሆቴል ሥራ ለገና ለጥምቀት ሲነቃቃ «ቢዝነስ ኢዝ ፒኪንግ አፕ»። ጣና ላይ ከሰዓት ነፋሱ ሲበረታ «ዘ ዊንድ ኢዝ ፒኪንግ አፕ»፤ የጀልባ ነጂው ይህን ካለ ገዳም ጉብኝቱን አሳጥሩ ማለቱ ነው። ስልክን በተመለከተም ያለ ተሳቢ ይመጣል፦ «ሺ ኢዝንት ፒኪንግ አፕ»፣ አታነሳም። ለደብዳቤና ለቁም ነገር ግን «አንሰር» ይሻላል።

እንግዳ መቀበያ ላይ የሚያጋጥሙሽን ቶሎ ቶሎ ልጥቀስ። ቁልፍ፣ ፓስፖርት፣ የታጠበ ልብስ ጋር ሲመጣ መጥቶ መውሰድ ነው። ውሃ ወይም ዳቦ ጋር ሲመጣ በመንገድ ላይ ጎራ ብሎ መግዛት ነው። «ዘ ካምፓኒ ዊል ፒክ አፕ ዘ ቢል» ከተባለ ደግሞ ወረቀቱን የሚወስድ ሰው ይመጣል ብለሽ እንዳትጠብቂ፤ ሂሳቡን ድርጅቱ ይከፍላል ማለት ነው፤ ቼክ አውት ከመሆኑ በፊት ደብዳቤውን ጠይቂ። «ሌትስ ፒክ አፕ ዌር ዊ ሌፍት ኦፍ» ካቆምንበት እንቀጥል ነው። ፖሊስ አድራጊ ሲሆን ያው ፖሊስ ነው፤ ወሰደው።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው፣ አማርኛው «አነሳ» እያለ እንግሊዝኛው ግን «ፒክ አፕ» የማይልባቸውን እዪ። ብዙው ስህተት ከዚህ ነው የሚፈልቀው። ፎቶ አነሳ «ቴክ» ነው፤ ቱሪስት «ፒክ አፕ ኤ ፎቶ» ብትዪው ወለል ላይ የወደቀ ፎቶ ይፈልጋል። ጥያቄ ወይም ሐሳብ አነሳ፣ እኔ መጀመሪያ ላይ አንቺን «ያነሳችው» እንዳልኩሽ፣ «ሬይዝ» ወይም «ብሪንግ አፕ» ነው። እጅ አነሳ «ሬይዝ»። ማዕድ አነሳ «ክሊር ዘ ቴብል»። ከሥልጣን አነሳ «ሪሙቭ»። ክርስትና አነሳሁ ግን ከሁሉም የባሰው ነው፤ በቀጥታ ብትቀይሪው «ክርስትናን ከመንገድ ላይ ለቀምኩት» የሚል ይወጣዋል። የክርስትና አባትና እናት መሆን «ቢካም ኤ ጎድፋዘር»፣ «ቢካም ኤ ጎድማዘር» ነው።

«ለቀመ» ም እንዲሁ ወጥመድ አለው። ዘጌ ላይ ቡና ለቀሙ ስንል ከዛፉ መቀንጠሳቸውን እንናገራለን፤ ያ «ፒክ» ብቻ ነው፣ «አፕ» የለበትም፦ «ዜይ ፒክ ኮፊ»። ፍሬው መሬት ላይ ረግፎ ከሥሩ ጎንበስ ብለው ሲሰበስቡት ነው «ፒክ አፕ» የሚሆነው። እንግዳ ይዞ ዘጌ የሚሄድ አስጎብኚ «አፕ» ን ቢጨምር እንግዳው የምናመርተው ቡና ከመሬት የተለቀመ መስሎት ይመለሳል፤ ቡና የሚያውቅ ሰው ከሆነ ደግሞ ያ ለጥራቱ ስድብ ነው። ከምስር ውስጥ ድንጋይ ለቀመች ሦስተኛ ነው፤ «ፒክ አውት»። አንድ «ለቀመ»፣ ሦስት እንግሊዝኛ።

«ፒክ አፕ ኦን» ምንድነው ብለሽ ከሥር ለጠየቅሽው፦ ያልተነገረውን፣ የተሸሸገውን ነገር ልብ ማለት ነው። ለጎጃም ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ባለቅኔው ሰሙን ሲናገር ሁሉም ይሰማል፤ ወርቁን ነጥቆ የሚይዘው ግን ጥቂቱ ነው። ያ የያዘው ሰው «ሂ ፒክድ አፕ ኦን ኢት» ይባልለታል። እንግዳው «ክፍሉ ጥሩ ነው» እያለ ፊቱ ካልፈታ፣ አንቺ ጫጫታው እንዳስቸገረው ከገባሽ፣ «ዩ ፒክድ አፕ ኦን ኢት»። ልብ በይ፣ እዚህ ላይ «ኢት» መጨረሻ ላይ ነው። «ኦን» ከተጨመረ መሃሉ አይከፈትም፤ ተውላጠ ስሙም ቢሆን ከ«ኦን» በኋላ ይመጣል። ያንን የ«እንወስዳችኋለን» ሕግ እዚህ እንዳትጠቀሚበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በተለይ ለወንድ ሹፌሮችና አስጎብኚዎች። ሰውዬው የማይታወቅ ሰው ከሆነና ቦታው የመዝናኛ ከሆነ «ፒክ አፕ» የከተማ ልጆች «ጠበሳ» የሚሉት ነው። «አይ ፒክድ አፕ ኤ ገርል ላስት ናይት» ያለ ሹፌር ተሳፋሪ ጫንኩ ለማለት ፈልጎ ሌላ ነገር ተናግሯል። «አይ ፒክድ ማይ ሲስተር አፕ ፍሮም ዘ በስ ስቴሽን» ላይ ግን ምንም ጥርጥር የለም፤ ሰውዬዋ ማን እንደሆነች ታውቋል፣ ቦታውም ታውቋል። ስለ ደንበኛ ሲወራ «ኤ ገርል» ን «ኤ ጌስት» አድርጎ ከየት እንደተወሰደች መጨመር ነው፤ ወይም «ጌቭ ኸር ኤ ሊፍት» ማለት።

መልእክትሽን አርመሽ መላክ ካለብሽ እንዲህ አድርጊው፦ «የስ፣ ዊ ዊል ፒክ ዩ አፕ አት ባሕር ዳር ኤርፖርት አት ኤይት ኤ ኤም. ዘ ድራይቨር ዊል ሆልድ ኤ ሳይን ዊዝ ዩር ኔም. ኢፍ ዩር ፍላይት ኢዝ ዲሌይድ፣ ፕሊዝ ኮል አስ.» የበረራ ቁጥሩን እንዲልክልሽ ከላዩ ጨምሪበት፤ በረራው ቢዘገይ እሱ እስኪደውል ሳትጠብቂ አንቺው ታያለሽ። በማግስቱ ጠዋት ጀልባ ካለውም «ዘ ቦት ጋይድ ዊል ፒክ ዩ አፕ ፍሮም ዘ ሆቴል አት ሰቨን ሰርቲ ኤ ኤም» ትዪዋለሽ፤ በእኛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ለጀልባ ነጂው የምትነግሪው ይሄኛውን ነው።